ሃምሳ አለቃ «እንደገና»

ከተማ ምንም ያህል ብታንስ አንድ የሚያዘገይ ሰው አታጣም። ሰነፍ ማለት አይደለም፤ ሰነፍማ ተኝቶ ይተውሃል። ይኼኛው አይተውህም። አጠገብህ ቆሞ የሠራኸውን ያያል፣ አንገቱን ይነቀንቃል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከዚያ «እንደገና» ይልሃል። አንዱ ሰፈር ሽማግሌ አናጢ ሆኖ ይገኛል፣ ሌላው ሰፈር የዜማ መምህር፣ ሌላው ሰፈር ምራቷን ሽንኩርት በማስከተፍ የምታሳቅቅ አማት። በ1975 ዓ.ም. መተማ ላይ ይህን ከፍተኛ ኃላፊነት ያለ ምንም ተቀናቃኝ ይዘው የነበሩት ክቡር ሃምሳ አለቃ ደሞዝ ናቸው።

ሃምሳ አለቃ በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጥሩምባ ነፍተው፣ እግራቸውን ታመው የተሰናበቱ ሰው ነበሩ። ወደ መተማ የመጡት የተማሪዎቹን የኪነት ኦርኬስትራ እንዲያሠለጥኑ ተመድበው ነው። ኦርኬስትራ ያለው የምደባ ደብዳቤው ነው፤ ዕቃው ሲታይ አንድ አኮርዲዮን፣ ሁለት ጥሩምባ፣ አንዱ ቁልፉ በጎማ ቁራጭ የታሰረ ሳክስፎን፣ ክራር፣ ማሲንቆና ከበሮ ነበር። ተማሪዎቹ አሥራ አንድ ናቸው። ሃምሳ አለቃ ግን አሥራ አንዱን ልጆች የሚያዩአቸው ቤተ መንግሥት ሊጫወቱ እንደተጠሩ ነበር፤ ቆባቸውን አስተካክለው፣ ዱላቸውን ከኒሙ ግንድ አስደግፈው፣ «ኦርኬስትራ፣ ተዘጋጅ!» ይላሉ። ያን ጊዜ ከአጥሩ ባሻገር የሚያልፍ አህያ ሳይቀር ይቆማል።

ልምምዱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ነው። መተማ ፀሐይ ከወጣች ወዲያ ሙዚቃ የለም። በአኮርዲዮኑ ሆድ ውስጥ ድምፅ የሚሰጡትን ብረቶች አጣብቆ የያዘው ሰም ሙቀት ሲነካው ይለሰልሳል፤ አንድ ጊዜ ቀትር ላይ ተነክቶ ሁለት ቀን እንደ ታመመ ፍየል ሲያቃስት ሰንብቷል።

ሃምሳ አለቃ «እንደገና» የሚሉት በልምምድ ሰዓት ብቻ ቢሆን ማንም ስም አያወጣላቸውም ነበር። ፀጉር አስተካካዩን አብዱልሀኪምን ግማሽ ራስ እንደገና ያስላጩት እሳቸው ናቸው። ከሸሕዲ በሚመጣው አውቶቡስ ላይ ሹፌሩ ማርሹን እያንጓጓ ሲያስገባ ከኋላ ወንበር «እንደገና፣ ቀስ ብለህ» ብለው፣ ሹፌሩም ደንግጦ እንደገና እንዳስገባው ይወራል። ጎረቤታቸው እማማ ታንጉት መሠረተ ትምህርት ሲማሩ ስማቸውን መጻፍ አቃታቸው። ሃምሳ አለቃ እንደ ልማዳቸው ከመጨረሻው ፊደል አስጀምረው አስተማሯቸው። ዛሬም እማማ ታንጉት ሲፈርሙ መጀመሪያ «ት»ን ጥግ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ ሌሎቹን በቀረው ቦታ ላይ ያሰፍራሉ። ፊደል አልጎደለባቸውም ግን።

አኮርዲዮኑን የምትጫወተው ውዴ ነበረች፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ጣቶቿ ከአሳቧ የሚቀድሙ ልጅ። አኮርዲዮን ከነካች ወዲህ ቤት ውስጥ ጠረጴዛውንም፣ ጉልበቷንም፣ የታናሽ እህቷን ጀርባም እንደ ቁልፍ ትደበድባለች። ከዚያች ሣጥን ከሚለዩአት ምግብ ቢከለክሏት ትመርጣለች። ሃምሳ አለቃን ደግሞ በዚያን ሰሞን ከልቧ ጠልታቸው ነበር።

ምክንያቱ ጓንግ ነው። ለአውራጃው የኪነት ውድድር በተመረጠው የምርት ዘመቻ መዝሙር መካከል ሁሉም ዝም ብሎ አኮርዲዮን ለብቻዋ የምትሮጥባት ቦታ አለች፤ አራት አጭር መስመር። ከዚያ ጥሩምባዎቹና ሳክስፎኑ ያንኑ ተቀብለው ይደግሙታል። ልጆቹ በአካባቢው ወንዝ ስም ጓንግ ብለው የሰየሟት፣ እንደ ወንዙ በክረምት ደፍሮ የገባባትን ሁሉ ጠራርጋ ስለምትወስድ ነው። ውዴ ከዳር በሩጫ ትገባና መሐል ላይ ትሰጥማለች። ጥሩምባ ነፊው ንብረትማ ስህተቱን ሁሉ ይዞ ወዲያ ማዶ ይወጣና «ኻላስ!» ይላል፤ ሱዳኖቹ ነጋዴዎች ጭነት ሲያልቅ እንደሚሉት።

«አላለቀም» ይላሉ ሃምሳ አለቃ። «አምልጠህ ነው የወጣኸው። ስህተት አድራሻ አለው፤ ሄደህ ቤቱ ድረስ አንኳኳ።»

ከዚያ ሥራው ይጀመራል። እያንዳንዱ ተማሪ ጆሮው ላይ እርሳስ አለው። የተሳሳተባትን አንዲት ድምፅ ፈልጎ ወረቀቱ ላይ ይከባል። ሃምሳ አለቃ በሁለት መዳፋቸው ወረቀቱን ሸፍነው የመጨረሻዎቹን ሁለት ድምፆች ብቻ ያሳያሉ። እነሱ ሲጠሩ ሦስተኛዋ ትጨመራለች፤ ከዚያ አራተኛዋ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ። «ከፊት ከጀመራችሁ ወደማታውቁት ትሮጣላችሁ። ከመጨረሻው ከጀመራችሁ ግን ሁልጊዜ ወደምታውቁት ነው የምትሄዱት። መድረሻውን ያየ እግር አይርበተበትም» ይሏቸዋል። ግራ ኪሳቸው ውስጥ አምስት የኒም ፍሬ አለ፤ አንድ ጊዜ በትክክል ሲጫወቱላቸው አንዷ ወደ ቀኝ ኪስ ትሻገራለች። አምስተኛው ላይ ቢሳሳቱ አምስቱም ይመለሳሉ። ውዴ በሕልሟ የኒም ፍሬ ሲመለስ ማየት ጀመረች።

ጥቅምት ሲገባ ደግሞ ሌላ መጣ። በዙሪያው ማሳ ሁሉ ከደጋ የወረደው የቀን ሠራተኛ ሰሊጥ ያጭዳል። የደረቀ ሰሊጥ ነዶ አመለኛ ነው፤ አፉን ከፍቶ ቆሞ ትንሽ ስታንገጫግጨው ፍሬው ይረግፋል። ስለዚህ ሠራተኛው ወደ ሸራው ሲወስደው የተኛ ሕፃን እንደታቀፈ ሰው ነው የሚራመደው። ሃምሳ አለቃ ይህን ቆመው ሲያዩ ዋሉና በማግሥቱ ከገበሬ ማኅበሩ አንድ ነዶ ለምነው፣ በጀርባቸው አዝለው ግቢ ገቡ።

«ውዴ፣ ይኼን ታቀፊና ጓንግን በአፍሽ እያዜምሽ እስከ ባንዲራው ምሰሶ ሂጂ» አሉ። «በእያንዳንዱ ድምፅ አንድ እርምጃ።»

«ሃምሳ አለቃ፣ እኔ የመጣሁት ሙዚቃ ልማር ነው እኮ! ለአጨዳማ እርሻው መቼ ጠፋ?»

«ሂጂ አልኩሽ።»

ሄደች። ከኒሙ እስከ ምሰሶው መሬት ላይ ነጭ አቡጄዲ ተነጥፏል። ምሰሶው ጋ ስትደርስ ሃምሳ አለቃ ታማሚ እግራቸውን ዘርግተው ጨርቁ ዳር ተቀመጡና አንድ በአንድ ቆጠሩ። «አሥራ ሰባት ፍሬ። ከአሥራ ሰባቱ አሥራ አንዱ የወደቀው ሦስተኛው መስመር ላይ ነው። እዚያ ላይ ቸኩለሻል። እንደገና።» ከበሮ መቺዋ ሰዓዲያ እየሳቀች ከበሮዋ ላይ ተደፋች። ውዴ ግን አልሳቀችም። ከኒሙ እስከ ምሰሶው በዚያን ዕለት ዘጠኝ ጊዜ ተመላለሰች፤ ቤቷ ስትገባ ልብሷም ፀጉሯም ሰሊጥ ብቻ ነበር።

ለዚህ ነው ለሰማት ሁሉ ስታማ የሰነበተችው። «ሁለት ወር ሙሉ አንድ መስመር ላይ አቆሙን! ሌሎቹ ወረዳዎች አምስት መዝሙር ጨርሰዋል። እሳቸው መዝሙሩን ማስጨረስ አይፈልጉም!» ይህን ከነገረቻቸው ሰዎች አንዱ ጓድ ሰጠኝ ነበር፤ የወረዳው የኪነት ኃላፊ፣ የሃያ አራት ዓመት ወጣት፣ ከጎንደር ቴሌግራም በመጣ ቁጥር ሸሚዙ በላብ የሚርስ። ውድድሩ አይከል ላይ ኅዳር መጨረሻ ነው። አምስት መዝሙር አዘጋጅ ተብሏል፤ ያለው አንድ ነው፣ እሱም ጓንግ ላይ ቆሟል። አንድ ሰው መጠየቁ አይቀርም፤ ጓድ ሰጠኝ ያ ሰው እሱ እንዲሆን አልፈለገም። መጥፎ ሰው ስለነበረ አይደለም። ፈርቶ ነበር፣ የፈራ ሰው ደግሞ ይቸኩላል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ውዴን ቢሮው አስጠራት። ከሰዓት በኋላ የኪነት ጓዶች የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ እንዳለ ነገራትና የታጠፈ ወረቀት ሰጣት።

«ድምፅሽ ጥሩ ነው፣ አንቺ ታነቢዋለሽ። ደግሞም የራስሽ ቃል ነው፤ እኔ ትንሽ አስተካክየዋለሁ እንጂ።»

«እሳቸው ፊት ነው የማነበው?»

«ግልጽነት ነዋ! ካልደፈርሽ ንገሪኝ። አኮርዲዮኑን ለደፋር ጓድ እንሰጠዋለን።»

ውዴ አኮርዲዮኗን አሰበች። ወረቀቱን ደብተሯ ውስጥ ከተተችው፤ ሳታነበው። ይህንን በኋላ ለራሷ እንኳ ማስረዳት አቅቷታል።

ስብሰባው ትልቁ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ቆርቆሮው በሙቀት ይንጣጣል። ሃምሳ አለቃ የፊት ወንበር ላይ፣ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ጓድ ሰጠኝ ስብሰባውን ከፈተና ለውዴ ምልክት ሰጣት። ተነሣች። ወረቀቱን ዘረጋችና ጓንግን እንደምትሻገረው፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ዓይኗን ሳታነሣ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ጆሮዋ የሰማው የራሷን ድምፅ እንጂ ቃሉን አልነበረም። ስትጨርስ ከኋላ ንብረት በሹክሹክታ «ኻላስ» አለ።

«ጓድ ሃምሳ አለቃ፣ ለቀረበው ሂስ ምላሽ ካለዎት» አለ ጓድ ሰጠኝ።

ሃምሳ አለቃ ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አሥራ አንዱም ልጆች ምን እንደሚሉ ያወቁት ያኔውኑ ነው፤ ያም ሆኖ ያንን ቃል እዚያ ቦታ ላይ ይሉታል ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

«እንደገና» አሉ። «ፈጠነች። አልሰማሁትም።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ጓድ ሰጠኝም ፈገግ አለ፤ ሂስ ሁለት ጊዜ ቢሰማ ምን ይጎዳል? «ይደገም» አለ።

«ከመጨረሻው ጀምሪ፣ ልጄ» አሉ ሃምሳ አለቃ። «ቀስ ብለሽ። ነዶ እንደታቀፍሽ።»

ውዴ ወረቀቱን አየችው። አራት መስመር ነው። ልማድ ሆኖባት በመዳፏ ሦስቱን ሸፈነችና የመጨረሻውን ብቻ፣ በእያንዳንዱ ቃል ላይ እየቆመች አነበበች።

«ስለዚህም… በዚህ ግለሰብ ላይ… አስፈላጊው… አብዮታዊ… እርምጃ… እንዲወሰድበት… እንጠይቃለን።»

ሳቁ ተቋረጠ። በዚያ ዘመን «እርምጃ» ምን ማለት እንደሆነ ለልጅም የሚያስረዳ አያስፈልግም ነበር። የሰዓዲያ ታላቅ ወንድም እርምጃ ተወስዶበታል። ቆርቆሮው ብቻ ሲንጣጣ ተሰማ። ውዴ መዳፏን አንድ መስመር ወደ ላይ ከፍ አደረገች።

«ሆን ብሎ…» አለችና ቆመች።

ሃምሳ አለቃም አልረዷትም፤ ጓንግ ላይ ስትሰጥምም ረድተዋት አያውቁም፤ ቆመው ይጠብቃሉ እንጂ።

«ሆን ብሎ… የአብዮቱን ግስጋሴ… ሆን ብሎ…» እንደገና ቆመች። «እዚህ ላይ እሳሳታለሁ» አለች።

«የት ላይ?» አሉ ሃምሳ አለቃ፤ ጠዋት ጠዋት ኒሙ ሥር በሚጠይቁበት ድምፅ።

«‹ሆን ብሎ› የምትለዋ ላይ።»

«አድራሻዋን ካወቅሽ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ውዴ እርሳሱን ከጆሮዋ አውርዳ ቃሏን ከበበቻት። ወረቀቱ እስኪቀደድ ተጭናት ነበር። ከዚያ ቀና ብላ፣ ለሃምሳ አለቃ ሳይሆን ለጓድ ሰጠኝ፣ «ይቺ እውነት አይደለችም። እኔ አዘገዩን ነው ያልኩት። የሚያዘገዩንም እንድንችለው ብለው ነው» አለች። እያለቀሰችም ነበር።

«እኔም እዚያ ላይ እሳሳታለሁ» አለ ከኋላ ንብረት ተነሥቶ፤ በሕይወቱ አንድም ስህተት አምኖ የማያውቀው ንብረት። ሰዓዲያም ተነሥታ ቆመች። አንድ በአንድ ሁሉም ቆሙ።

ጓድ ሰጠኝ ወረቀቱን ከውዴ እጅ ተቀበለና ለራሱ አነበበው። የመጨረሻዋን መስመር ከሌላ ቦታ ከመጣ ወረቀት ቃል በቃል ገልብጧት ነበር፤ ሲገለብጣትም ቸኩሎ ነበር። ቀና ሲል ሸሚዙ ርሷል፤ ዕድሜውም ሃያ አራት መሆኑ ያኔ ነው በደንብ የታየው።

«ረቂቅ ነው» አለ በመጨረሻ። «ይስተካከላል።» ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተውና ስብሰባውን ዘጋ። ወረቀቱን ከዚያ በኋላ ያየው የለም።

ሃምሳ አለቃ በማግሥቱ እሑድ ስለነበረ አልመጡም። ሰኞ በአሥራ ሁለት ሰዓት ግን ኒሙ ሥር ነበሩ፤ ነዶውም፣ አቡጄዲውም፣ አምስቱ ፍሬም ነበሩ። ስለ ቅዳሜ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ውዴ ከማንም ቀድማ ደርሳ ነዶውን ራሷ አነሣችው። ምሰሶው ጋ ስትደርስ ሃምሳ አለቃ ጎንበስ ብለው ፈለጉ፣ ጨርቁን አንሥተው አራገፉ፣ አሁንም ፈለጉ። ምንም የለም። ልጆቹ ሲያጨበጭቡ እሳቸው ጨርቁን እያጠፉ «በሉ፣ አሁን በአኮርዲዮን» አሉ።

አይከል ላይ አንድ መዝሙር ብቻ ነው የተጫወቱት። አኮርዲዮኗ ጓንግ ገብታ ስትወጣ አንድም ድምፅ አልነጠበም፤ ጥሩምባዎቹም ተቀብለው ተሻገሩ፤ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ከዚያ ዳኞቹ ደንቡ ቢያንስ ሦስት መዝሙር እንደሚጠይቅ ገልጸው የመተማን ኦርኬስትራ ያለ ደረጃ አሰናበቱት። ጓድ ሰጠኝ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። ለንብረት ይህ ሁሉ ግፍ ነበር፤ መንገዱን ሙሉ ሲሳደብ መጣ።

ሲመለሱ ወደ ቆላ ባዶ ጆንያ ጭኖ የሚወርድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ነበሩ። ሸሕዲ ደርሶ መኪናው ጎማ ሊያስነፋ ሲቆም ሌሎቹ ከርከዴ ሊጠጡ ወረዱ፤ ሃምሳ አለቃ እግራቸው ስለሚያማቸው፣ ውዴም አኮርዲዮኗን ጥላ ስለማትሄድ ጆንያው ላይ ቀሩ። ውዴ ያን ሁሉ ቀን የያዘችውን ጥያቄ ያኔ ጠየቀች።

«ሃምሳ አለቃ፣ ያን ቅዳሜ አልፈሩም?»

«ፈራሁ እንጂ።»

«ታዲያ ለምን አልተቆጡኝም? እኔ እኮ ነኝ ያነበብኩት።»

ሃምሳ አለቃ ቆባቸውን አወለቁና ውስጡን ተመለከቱ። «በስድሳ ዘጠኝ፣ ጦር ሰፈር ሳለን» አሉ፣ «አጠገቤ ተቀምጦ ክላርኔት የሚነፋ ሰው ነበር፤ ቸሩ ይባላል። አብረን በልተን አብረን አድገናል። አንድ ቀን ሰበሰቡንና በእሱ ላይ የተጻፈ ወረቀት ሰጡኝ። ድምፅህ ጥሩ ነው፣ አንብብ አሉኝ። ፈራሁ። ቶሎ ይለቅልኝ ብዬ በአንድ ትንፋሽ አነበብኩት። ቸሩ በዚያው ሄደ።»

ውዴ የአኮርዲዮኗን ማንገቻ ጨበጠች።

«አንቺን እንደገና አልኩሽ» አሉ ቆባቸውን መልሰው እያደረጉ። «እኔን ግን እንደገና ያለኝ ሰው አልነበረም።»

ታች መንገዱ ላይ የቀን ሠራተኞች ለመኪና ይጠራራሉ። ውዴ አኮርዲዮኗን ጉልበቷ ላይ አወጣችና የጓንግን የመጨረሻዎቹን ሁለት ድምፆች፣ ቀስ ብላ ተጫወተች። ከዚያ ሦስቱን። ከዚያ አራቱን። እስከ መጀመሪያዋ ድምፅ ደርሳ አቆመችና ሃምሳ አለቃን አየቻቸው። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዙረው ነበር፤ ቃላቸውን ብትጠብቅ ብትጠብቅ አልመጣም።

«እንደገና» አለች ውዴ ራሷ፤ ከመጨረሻውም ጀመረች።